የሁሉ እንስራ

የዚያችን አገር ስም አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ «እኛ አይደለንም» ብላችሁ ትስቃላችሁ፤ ባልነግራችሁም መሳቃችሁ አይቀርም። ስሟ ይቅርና የሆነውን ላውራችሁ።

ከተማዋ ጀርባዋን ለተራራ ሰጥታ የተቀመጠች ናት። ከተራራው ወዲህ የሸክላ አፈር እንደ ልብ ነው፤ ውሃ ግን የለም። ከተራራው ወዲያ በጋ ከክረምት የማይጎድል ምንጭ አለ፤ የሸክላ አፈር ግን ቢፈለግ እፍኝ አይገኝም፤ አሸዋና ድንጋይ ብቻ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ጥንት ሰዎች ተራራውን ሰርስረው ያወጡት ቀዳዳ ነው። ጉሮሮ ይሉታል። አንድ ሰው እንስራ አዝሎ ጎንበስ ብሎ ያልፍበታል፤ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ከተገናኘ ግን አንዱ ወደ ኋላ መመለሱ ነው። መሃሉ ላይ እንደ ክርን የታጠፈ ቦታ አለ። እዚያ እንኳን ቃሬዛ ረጅም በትርም አይዞርም።

ኑሯችን እንዲህ ነበር። ክረምት ሲገባ፣ የጣራው ጠፈጠፍ ለሁሉ በሚበቃበት ወራት፣ ባዶው እንስራ ሁሉ በጉሮሮው ወደ ማዶ ይሻገርና ምንጩ ዳር ተደርድሮ ይጠብቃል። በጋ ሲገባ እየተሞላ ይመለሳል። ክረምቱን ባዶ ስንሸከም፣ በጋውን ሙሉ ስንሸከም እንኖር ነበር ማለት ነው። ባዶ እንስራ ደግሞ ክፉ ዕቃ ነው፤ አይታጠፍ፣ አይጨመቅ። ውስጡ ምንም ሳይኖር የሞላውን ያህል ቦታ ይይዛል።

አንድም እንስራ ባዶነቱ ሳይረጋገጥ ጉሮሮውን አያልፍም። ድሮ አንዱ ተንኮለኛ በእንስራ እባብ አሻግሮ ሰው ምንጩን የሸሸበት ዘመን ነበር አሉ፤ ወጉ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። የሚያረጋግጠው ሰው ጯሂ ይባላል። አፉን ከእንስራው አፍ ገጥሞ አንድ ቃል ይጮኻል፤ እንስራው ቃሉን አጥርቶ ከመለሰ ያልፋል፤ ካፈነው ይገለበጣል።

በዚያ ዘመን ጯሂው ጓንጉል ነበር። ጓንጉል ጥሩ ሰው ነው፤ ሹመት ይወዳል እንጂ። በእንስራ ሥር የተኛች አንዲት የባቄላ ፍሬ በጆሮው ያገኘ ዕለት ከተማው ሁሉ ሲያወራለት ስለሰነበተ፣ ከዚያ ወዲህ አንገቱ ቀና እንዳለ ቀረ። የሸክላ ሠሪ ልጅ የሆነችው ሚስቱ ጥሩወርቅ ግን በዚህ ጆሮው ትስቅበት ነበር። «እንስራ ሲያወራ ይሰማል፤ እኔ ሳወራ አይሰማም» ትላለች።

አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ስንዱ። ትንሽ ሳለች አባቷ ሥራ ላይ ሲሆን ከጎኑ አትጠፋም፤ ሰልፉ ጋብ ሲል እሱ እንስራውን ዘንበል ያደርግላታል፤ እሷ «ስንዱ» ብላ ትጮኽበታለች፤ እንስራው «ስንዱ» ይላታል። ተሸካሚው ሁሉ ይስቃል።

«አባዬ፣ ለምንድን ነው የሚመልስልኝ?» ትለዋለች።

«ባዶ ስለሆነ ነዋ። የሞላ ነገር ዝም ይላል። የሰጠሽውን መልሶ የሚሰጥሽ ባዶ ብቻ ነው።»

ያቺ ልጅ አድጋ፣ አንዱን ተሸካሚ አግብታ፣ ማርገዟ በተሰማበት ክረምት አዲስ የጉሮሮ ሹም መጣ። አየነው ይባላል። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለን ነበር። ጉሮሮው አፍ ላይ ዱካ አስቀምጦ፣ ተቀምጦበት ሰልፉን ሲመለከት ሰነበተና አንድ ጠዋት ጓንጉልን ጠራው።

«ጓንጉል፣ ይኼ እንስራ ምን አለበት?»

«ምንም የለበትም ጌታዬ። ባዶ ነው።»

«ከኋላው ያለውስ?»

«እሱም ባዶ ነው።»

«አንዱ ባዶ ከሌላው ባዶ በምን ይለያል?»

ጓንጉል አሰበ። ዕድሜውን ሙሉ ባዶ ሲያዳምጥ ኖሮ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። «በምንም» አለ።

«እንግዲያስ ክረምቱን ሙሉ ወገባችንን የምንሰብረው ያንኑ አንድ ነገር ለማመላለስ ነዋ» አለ ሹሙ፣ ከልቡ አዝኖ።

እውነቱን ነው። እስከዚህ ድረስ የተሳሳተ ሰው የለም። ይህንን የምለው በኋላ «እብድ ሹም መጥቶባቸው ነው» እንዳትሉ ነው።

በሳምንቱ ሕጉ ወጣ። ከእንስራዎች ሁሉ ድምፁ የጠራ አንድ እንስራ ተመረጠ። የመረጠው ጓንጉል ነው። ጉሮሮው አፍ አጠገብ ጎጆ ተቀለሰለትና «የሁሉ እንስራ» ተባለ። ከዛሬ ጀምሮ በአገሩ ያለ ባዶ እንስራ ሁሉ ይኼ ነው ተባለ። ማየት ይቻላል፤ መንካት አይቻልም። ውሃ ልቀዳ የሚል ሰው ሲመጣ፣ በዚያችው ቅጽበት ከግምጃ ቤት የራሱ እንስራ ይሰጠዋል። እስከዚያ ድረስ ግን አንድ ዓይነት ነገር ሺህ ቦታ ምን ያደርጋል? ትርፉ ይሰበር፤ ገሉ እየተበሳ ለየባለቤቱ ይታደል፤ አንድ ገል እንደ አንድ እንስራ ይቆጠር።

እንስራ ሲሰበር ስንት ገል እንደሚወጣው ታውቃላችሁ። አገሩ በሰበረ ቁጥር ሀብቱ በዛ።

መጀመሪያ ላይ ሰው አመነታ። የሹም ሕግ አይናቅም፤ እንስራም በቀላሉ አይሰበርም። ሰው ሁሉ ጎረቤቱን ያይ ጀመር። ጓንጉል የሁሉ እንስራ ጠባቂ ተብሎ መታጠቂያ ተሰጥቶት ስለነበር፣ ሹሙ «አንተ ቅደም» አለው። የቤቱን እንስራ አወጣ። አንዲት ቀረች።

ይቺ የአራስ እንስራ ናት። በዚያ አገር ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው፤ እናቷም ለዚያ ቀን ብቻ የምትሞላው እንስራ አላት። አራሷ የመጀመሪያውን ውሃ የምትጠጣው፣ ሕፃኑም የሚታጠበው ከእሱ ነው። የጥሩወርቅን የአራስ እንስራ በእጇ ያበጀቻት እናቷ ናት። ስንዱም የታጠበችው ከእሷ ነው።

«ይቺን አልሰጥም» አለች ጥሩወርቅ። በሩ ላይ ቆመች።

«አንቺ ሰው፣ ሹሙ እየጠበቀ ነው።»

«የስንዱ አባት፣ ልጅቷ የምትወልደው እኮ በበጋ ነው።»

«ስትወልድ ይሰጠናል። ገል ይዘናል።»

«ገሉን ልታጠጣት ነው?»

«ሕጉ በዚያችው ቅጽበት ይላል።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለች። «ግምጃ ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ አይተሃል?»

«እሱ የእኔ ሥራ አይደለም።»

እንስራዋን ከጓዳ ያወጣት እሱ ራሱ ነው። አደባባይ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከድንጋይ ላይ ለቀቃት። ድምፅዋ ደስ የሚል ነበር ይላሉ አጠገቡ የነበሩት። «ጓንጉል የሚስቱን ከሰበረ እኛ ማን ነን?» ተባለና ከዚያ ወዲያ ከተማው እስኪመሽ ሲሰባብር ዋለ።

ጥሩወርቅ ወደ አደባባይ አልወጣችም። ማታ ባሏ ሲገባ ራቱን አቀረበችለትና ዞር አለች። ለስንት ጊዜ እንዳኮረፈች ጎረቤት ያውቃል።

ከዚያ በኋላ እንደነበረው ያለ ክረምት ታይቶ አይታወቅም። ጉሮሮው ጸዳ። አንድ ሯጭ ገል የሞላ ቅርጫት ይዞ ይገባል፤ ማዶ ደርሶ ያሳያል፤ ይዞ ይመለሳል። የአገሩ እንስራ በሙሉ ከቁርስ በፊት አለፈ ማለት ነው። ማታ ማታ ከበሮ ይመታና «ዛሬ ያለፈው እንስራ ከአምናው ክረምት ሁሉ በለጠ» ይባላል፤ በነጋታው ደግሞ ያንን ይበልጣል። ተሸካሚዎቹ ተመስግነው ተሰናበቱ። የስንዱ ባልም ተመስግኖ ሥራ ፍለጋ አገር ጥሎ ሄደ። ስንዱ ሆዷ ገፍቶ እናቷ ቤት ገባች።

ሰው ከየገጠሩ እንስራውን ሊያይ ይመጣ ነበር። ጓንጉል መታጠቂያውን አጥብቆ በሩን ይከፍታል።

«የኔ የትኛው ነው?» ይላል አንዱ።

«ይኼው።»

«የጎረቤቴስ?»

«ይኼው።»

«እኔና እሱ እኮ ተጣልተናል።»

«ባዶው አልተጣላም» ይላል ጓንጉል። ሰውየው ከሩቅ «ሆይ» ይላል፤ እንስራው «ሆይ» ይለዋል፤ እንስራዬን አየሁ ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል።

ገል በክር እየተሰካ በየደጁ ይንጠለጠላል። ንፋስ ሲመጣ ከተማው ሁሉ ይንቀጫቀጫል። ሴት ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ መጀመሪያ የሚያየው የአባትየውን ደጅ ሆነ። ከሁሉ ረጅሙ ክር የጓንጉል ነው፤ ሹሙ በሸለመው ቁጥር ገል ነው የሚሸልመው። ከጣራው ጠርዝ እስከ መሬት ወርዶ፣ ዞሮ፣ በመስኮቱ ላይ አልፏል። ስንዱ ከዚያ ሥር ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። «አባዬ፣ ይኼ ሁሉ የኛ ነው?» ስትለው «ያንቺ ነው እንጂ» ይላታል፤ ደስ ይለዋል። «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» ትል የነበረችው ጥሩወርቅ ዝም ብላለች።

በጋ ገባ። የጣራው ውሃ አለቀ። በአንድ ጠዋት፣ ሕጉ ያላሰበው ሆኖ፣ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ጠማው።

ገሉን በአንገቱ፣ በክንዱ፣ በቅርጫት ይዞ ግምጃ ቤቱ ደጃፍ ተሰለፈ። ግምጃ ቤቱ ተከፈተ። ውስጡ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተንጠለጠለ ገል ነው። ለካስ ግምጃ ቤቱም ትርፍ ዕቃ እንዳያከማች ተብሎ በሕጉ መሠረት ሰብሯል።

«ይኼ የየትኛው እንስራ ገል ነው?» ብሎ ጠየቀ ከፊት የቆመው።

«የሁሉ እንስራ» አለ የግምጃ ቤቱ ሰው።

ማንም አልጮኸም። አንዳንዱ እንዲያውም ተጽናና፤ ግምጃ ቤቱም እንደ እኛው ነው ለካ አለ። ሸክላ ሠሪዎቹን ጥሩ ተባለ። ሸክላ ሠሪዎቹ ክረምቱን ገል ሲበሱ ከርመው እጃቸው ተሸራርፏል፤ ቢሆንም መጡ። «ጭቃውን የምናቦካበት ውሃ ስጡን» አሉ። ውሃው ማዶ ነው። የሚያመጣው እንስራ ነው። አፈሩን ማዶ ወስደን እዚያው እናቡካው ያሉም ነበሩ፤ ልክ ናቸው። ግን አፈር በጉሮሮው ይለፍ የሚል ሕግ አልነበረም፤ ሹሙ «የበላይ እጠይቃለሁ» አለ። እስከ ዛሬ እየጠየቀ ነው። በቅል፣ በአቁማዳና በኩባያ ማምጣትማ ከጥንትም የተከለከለ ነው፤ ከእንስራ በቀር ሲጮኹበት በቅጡ የሚመልስ ዕቃ የለም።

እግር ያለው ሰው ግን አልሞተም። ጉሮሮው ጸድቷል፤ ማንም ሰተት ብሎ አልፎ ምንጩ ላይ ተደፍቶ ጠጥቶ ይመለሳል። የተቸገረው መሄድ የማይችለው ነው፤ ሽማግሌው፣ በሽተኛው፣ አራሷ።

ስንዱን ምጥ የያዛት በዚያ ሰሞን ነው። ሁለት ቀን አምጣ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ደህና ናት፤ እናቲቱ ግን ደሟ አልቆም አለ፤ ትኩሳት ያዛት። ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ። «ውሃ» ትላለች፤ ትንሽ ትቆይና «ውሃ» ትላለች። አዋላጇ «ካልጠጣች አትተርፍም፤ ከዚህ ደግሞ እንዳትነሳ» አለች። ቃሬዛ በጉሮሮው ክርን አይዞርም፤ አዝለን እንውሰዳት ቢሉ ገና ከደጅ ሳትወጣ ደሟ ሊያልቅ ነው።

ጥሩወርቅ ነጠላዋን ይዛ ትሮጣለች። ምንጩ ውስጥ ትነክራለች፣ ጠቅልላ ታቅፋለች፣ ጎንበስ ብላ ትመለሳለች። ቤት ስትደርስ አብዛኛው በጉሮሮው ወለል ላይ ቀርቷል። ልጇ አፍ ላይ ስትጨምቀው የሚወርደው ጉንጭ አይሞላም። ትጨምቅና ተመልሳ ትሮጣለች።

ጓንጉል ሹሙ ጋ ሄደ። ሹሙ ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ሲመክር አገኘው። ምክራቸው አልቆ ኖሯል። ገሉ ብዙ ነው፣ እንስራው አንድ ነው፤ እንስራውን ማብዛት ካልተቻለ ገሉን መቀነስ ነው፤ ብዙ የያዘው ቤት ከተሰረዘ ጭንቁ ይቀላል።

«ጓንጉል፣ ሳንልክብህ መጣህ» አለ ሹሙ፤ ተነስቶ እጁን ያዘው። «ያጠፋኸው ነገር የለም። ይህን ማንም እንዲጠራጠር አልፈልግም። ብዙ የያዝከው አንተ ስለሆንክ ነው። አንተ ስትወርድ ሌላው ይተነፍሳል።»

«ጌታዬ፣ የያዝኩት እኮ ገል ነው።»

«እሱን ለሁሉም ካልን አገር አይቆምም።»

«ልጄ አራስ ናት። አንድ እንስራ ብቻ። ሕጉ በዚያችው ቅጽበት ይላል፤ እኔ ራሴ ነኝ ለሰው ስነግር የኖርኩት።»

«ለተመዘገበ ቤት ነው እሱ» አለ ሹሙ። «እስከ ማታ የጎጆውን ቁልፍና መታጠቂያውን ታስረክባለህ። አይዞህ።»

ጓንጉል ቤቱ ሲደርስ ክሩን እየቆረጡ ነበር። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ትናንት በደጁ ሲያልፉ እጅ የሚነሱት ናቸው መሰላል የያዙት። ገሉ መሬት ላይ ሲዘረገፍ ስንዱ ከውስጥ «አባዬ፣ ምንድን ነው?» አለች። «ምንም አይደለም» አላት። ጥሩወርቅ ነጠላዋን ታቅፋ ከጉሮሮው መልስ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። አየችው። ያን ሁሉ ወራት ያላለችውን አሁንም አላለችውም፤ ገብታ ነጠላዋን ጨመቀች። አንድ ነገር ብትለው ይሻለው ነበር፤ ቢረግሙት የሚቀለው ሰው አለ።

ጓንጉል ተመልሶ ወጣ። ቁልፉ ገና እጁ ላይ ነው። ጎጆውን ከፍቶ የሁሉን እንስራ በሁለት እጁ አነሳው። ማንም አልከለከለውም፤ ጠባቂው ራሱ ነዋ። በጀርባው አዝሎ ጉሮሮው ውስጥ ገባ። ከፊቱ የሚመጣ አልነበረም፤ ከኋላው የሚገፋ አልነበረም። ያ ጉሮሮ የዚያን ዕለት ያህል ጠርቶ አያውቅም። ሹሙ ስለ ጉሮሮው የተናገረው ሁሉ እውነት ሆነ።

ምንጩ ላይ ደርሶ እንስራውን ነከረ። መጀመሪያ ጉርጉር አለ፤ ከዚያ ዝም አለ። ጓንጉል ዕድሜውን ሙሉ እንስራ ዝም ሲል እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። አዝሎት ተመለሰ። ውሃው እየተናጠ በማጅራቱ ይፈስሳል፤ ሸሚዙ ረጠበ፤ እሱ ግን የሚያየው የልጁን ከንፈር ብቻ ነው።

ከጉሮሮው ሲወጣ ከተማው ቆሞ ጠበቀው። ሹሙም አለ። ማንም እጁን አላነሳበትም። የድሮ ተሸካሚዎች ቀረብ ብለው እንስራውን ከጀርባው ላይ ቀስ ብለው አወረዱለት፤ እንደ ሕፃን ነው የተቀበሉት። ሹሙ አጎንብሶ አየ። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። የማስመሰል አልነበረም፤ ይህን ልመሰክርለት እወዳለሁ።

«የሁሉ እንስራ ሞላ» አለ። «እንግዲህ የሁሉም ቤት እንስራ ሞላ ማለት ነው።»

ከበሮው ተመታ። ነገሩ ቀስ ብሎ ነው ለሰው የገባው። አንዷ «የኔም?» አለች። «ያንቺም» አሏት። እልል አለች፤ ጉሮሮዋ ደርቆ ድምፅዋ እንደ ሣር ይንኮሻኮሻል። ከዚያ ሁሉም እልል አለ።

ጓንጉል መሬት ላይ እንደተንበረከከ ነው። «አንድ ኩባያ ስጡኝ» አለ። «አንድ ኩባያ ብቻ፤ ልጄ እየሞተች ነው።»

ሹሙ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። «ጓንጉል፣ ወንድሜ፣ አስተውል እንጂ። ከዚህ አንድ ኩባያ ቢቀዳ ከየቤቱ አንድ ኩባያ ተቀዳ ማለት ነው። የስንቱን ሰው ውሃ ልትወስድ ነው?»

«ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«አንተማ ባለውለታ ነህ። ግን ተሰርዘሃል። እዚህ ከቆመው ሰው ሁሉ፣ ከዚህ ውሃ ድርሻ የሌለህ አንተ ብቻ ነህ።»

ጓንጉል ወደ ሰው ዞረ። ግድግዳ ለግድግዳ የምትኖረውን ጎረቤቱን፣ ስንዱን በልጅነቷ ጡት ያጠባቻትን ሴት አየ። «አንቺ እንኳ» አላት። ሴትየዋ ዓይኗን ሰበረች። «የኔ ብቻ ቢሆን በሰጠሁህ» አለች። «የሰው ነው፤ እንዴት ልንካው?» ሌላው ከኋላ «በስንት መከራ ያገኘነውን» ሲል ተሰማ። ሰው ቀስ በቀስ በእንስራውና በጓንጉል መሃል ገባ። አልገፉትም፤ ቆሙ ብቻ።

ቤቱ ሮጠ። ሸሚዙን አውልቆ ልጁ አፍ ላይ ጨመቀው። ጀርባውን ያራሰው ውሃ ነው፤ ጥቂት ወረደላት። ስንዱ ዓይኗን ከፈተች። «አፈር አፈር ይላል» አለች። አዲስ የተሞላ እንስራ ውሃ እንደዚያ ነው የሚለው። «ደስ ይላል» አለች። ደግሞ ውሃ ብላ አልጠየቀችም። ሳይመሽ ሞተች።

ልቅሶው ትልቅ ነበር፤ ሹሙም መጥቶ አፈር እስክትለብስ ድረስ ቆመ። ከቀብር መልስ ጥሩወርቅ ሕፃኗን በደረቀ ነጠላዋ አዘለቻት።

«ወዴት ነው?» አላት ጓንጉል።

«ውሃ ወዳለበት። እዚያ የምታጠባት አላጣም።»

«እኔስ?»

«አንተማ እንስራህን ጠብቅ» አለችው። ክፉ ድምፅ አልነበረም፤ ለእንግዳ መንገድ እንደሚያሳዩት ነው የተናገረችው። ጎንበስ ብላ ጉሮሮው ውስጥ ገባች። አልተመለሰችም።

ውሃው በጎጆው ውስጥ ከረመ። ሰው በየቀኑ እየተሰለፈ ውሃዬን ልይ ይላል፤ አዲሱ ጠባቂ በሩን ይከፍታል፤ ፊቱን አይቶበት ይሄዳል። ከዚያ ጉሮሮውን አልፎ ምንጩ ላይ ተደፍቶ ይጠጣና ይመለሳል። ውሃ አጣሁ ብሎ መናገር ከዚያ ወዲህ ነውር ሆነ፤ የሁሉም እንስራ ሞልቶ የለም እንዴ? መሄድ የማይችሉት ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አለቁ፤ እነሱም ሙሉ እንስራ እያላቸው ነው የሞቱት። ሸክላ ደግሞ ያልበዋል፤ ውሃው ቀን በቀን ይወርዳል። ግን ጎደለ ያለ ሰው ሌባውን ማሳየት ስላለበት ጎደለ ያለ የለም። በጋው ሲያልቅ፣ ከዚያ እንስራ አንድ ሰው አንድ ጉንጭ ሳይጠጣ፣ ደረቀ።

ክረምት ገባ። የባዶ መላኪያው ወቅት ደረሰ፤ ወግ ነውና እንስራው ባዶ መሆኑ ሊረጋገጥ ይገባል። አዲሱ ጠባቂ ግን ጆሮ የለውም። ሹሙ ጓንጉልን አስጠራው። ጓንጉል ልብሱ አልቆበት፣ ፂሙ አድጎ፣ ከደጁ ያ ክር የተንጠለጠለበት ምስማር ብቻ ቀርቶት ነው የሚኖረው። መጣ። ለምን እንደመጣ አላውቅም። ምናልባት ከዚህ ሌላ የሚያውቀው ሥራ ስለሌለው ይሆናል።

«እንደ ድሮው ጩኽበት» አለው ሹሙ፤ ዱካውን ለቀቀለት። «ባንተ ጆሮ ካልሆነ እኔ አላምንም።»

ጓንጉል ዱካው ላይ አልተቀመጠም። መሬት ላይ ተንበርክኮ እንስራውን በሁለት ክንዱ አቀፈ። አፉን ከእንስራው አፍ ገጠመ።

«ስንዱ» አለ።

እንስራው «ስንዱ» አለው።

ጆሮውን አስጠግቶ ቆየ። ሰው መቁነጥነጥ ጀመረ።

«ምን ይላል?» አለ ሹሙ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው ጌታዬ» አለ ጓንጉል።

ከበሮው ተመታ፤ የሁሉም ቤት እንስራ ባዶ መሆኑ፣ ክረምቱም በሰላም መግባቱ ታወጀ። ሰው እልል አለ። ጓንጉልን ከእንስራው ላይ ለማንሳት ሁለት ሰው አስፈልጎ ነበር።